አባባ ተስፋዬ፥ ተረትና ቴሌቪዥን

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚታሰብበት ዕለት፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። መሣሪያውን ያቋቋመው ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፥ ሥርጭቱ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ፥ የሚደርስበትም ስፍራ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የማያልፍ ነበር። በዚያን ቀን ይህ አዲስ ነገር ለአገሪቱ ምን እንደሚጠቅም የተጠየቀ ሰው ቢኖር፥ ስለ ዜናና ስለ በዓላት፥ ስለ መንግሥት ሥራም ብዙ ሊናገር ይችል ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሕዝብ ልብ ውስጥ ሥር የሚሰድደው በልጆች ክፍለ ጊዜ የሚነገረው ተረት ነው ብሎ ለመገመት ግን ነቢይነት ያስፈልገው ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲሁ ነው። ይህንንም ያደረጉት ተስፋዬ ሣህሉ የተባሉ የቴአትር ሰው ናቸው። ልጆች አባባ ተስፋዬ ይሏቸዋል፤ የልጆቹም ወላጆች፥ እነርሱም ራሳቸው በተራቸው ልጆች ሳሉ፥ አባባ ተስፋዬ ይሏቸው ነበር። ማስተማር ሥራቸው ሳይሆን፥ የመማሪያ ክፍልም ሳይኖራቸው፥ ለ42 ዓመታት የአገር ሕፃናትን በፊታቸው አስቀምጠው ያነጋገሩ እኚህ ሰው፥ በመምህራን ዘንድ በጥንቃቄ ሊታሰቡ ይገባቸዋል።

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት ሰኔ 20 ቀን 1915 ዓ. ም. በባሌ፥ ከዱ በሚባል አገር ነው። የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። የእርሳቸው ዘመን ልጆች ሌላው ትውልድ ፊደል በሚቆጥርበትና በሚያነብበት ዕድሜ ጦርነትን አዩ። ጥቂት የነበሩት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወደ ውጭ ተልከው ተምረው ከተመለሱት ወጣቶችም ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በኋላ በግፍ አለቁ። አገር ነጻ በወጣ ጊዜ፥ የሚማረው ወጣት እጅግ ብዙ፥ የሚያስተምረው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያ ዘመን ቴአትር ቤት ከመዝናኛነት አልፎ፥ ማንበብ ለማይችለው ሰፊ ሕዝብ ታሪክና ምክር የሚነገርበት አዳራሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ተስፋዬም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የገቡት ወደዚህ አዳራሽ ነው።

የዚያን ጊዜ መድረክ ከዛሬው ጋር አይመሳሰልም። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ወጥታ ብትጫወት ነውር ስለሚሆንባት፥ የእናትን፥ የሙሽራን፥ የንግሥትን ቦታ የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉም እንደ ሴት ለብሰው፥ ድምፃቸውን አቅጥነው ከተጫወቱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ይህ ነገር ዛሬ ሲሰማ ለሣቅ ብቻ የሚነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጐልማሳ የእናትን አነጋገር ተመልካች እንዲያምንለት አድርጎ ለማቅረብ፥ እናት ልጇን ስትቆጣ እጇ እንዴት እንደሚሆን፥ ስታባብልም ድምፅዋ የት ላይ እንደሚወርድ አስተውሎ ማጥናት አለበት። በኋላ ዘመን በቴሌቪዥን ጦጣውም፥ ጅቡም፥ አሮጊቷም በአንድ ሰው አፍ እየተፈራረቁ ሲናገሩ ልጆች ሳይደናገሩ የተከተሉት፥ ይህ ሁሉ ቀድሞ በመድረክ ላይ ስለ ተጠና ነው። የሕፃናት ነገር ቀላል ነው ብለው ያለ ዝግጅት ወደ ሕፃናት የሚቀርቡ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ነው።

በ1943 ዓ. ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮርያ ዘመተ። ተስፋዬ ሣህሉም ወደዚያ ተሻግረው፥ ከአገሩ እጅግ ርቆ በማያውቀው ብርድ ውስጥ ለሚዋጋው ወታደር ተጫውተውለታል። ከዚያ በኋላ በ1948 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ ሲከፈት፥ ከታወቁት ተዋንያን መካከል ነበሩ። ከትወናው ሌላ ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ ምትሃትም ያሳያሉ፤ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ምትሃትን በመድረክ ሙያ አድርገው በማሳየት ስማቸው በቀዳሚነት ይነሣል። ቴሌቪዥን በተከፈተ ጊዜ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፥ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብም፥ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ወታደርም እንዴት እንደሚሣቅ የሚያውቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

አሁን የነገሩ ፍሬ ወደ ሆነው እንምጣ። በኢትዮጵያ ልማድ ተረት አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ነገር አይደለም። ተራቹ «ተረት ተረት» ይላል፤ አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱለት አይጀምርም። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል «ምን አውቅልህ» የሚል ከሌለ ጨዋታው የለም። መልሱን ያላወቀውም አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ፥ በልቶ ጠጥቶ፥ ከዚያ ወዲያ ነው ፍቺውን የሚነግረው። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል፤ ትርጓሜው ሰጥቻለሁና ስጡኝ፥ ተራው የእናንተ ነው ማለት ነው። እሳት ዳር የተቀመጠው ሕፃን ዛሬ አድማጭ ቢሆንም ነገ ማታ ተራች ነው። ልጅ በሰው ፊት መናገርን፥ ተራ መጠበቅን፥ የሰማውን አቃንቶ መድገምን የሚማረው ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ፥ በዚህ ዓይነት ነበር።

ቴሌቪዥን ግን በተፈጥሮው ደንቆሮ ነው። ይናገራል እንጂ አይሰማም። ተረት ከእሳት ዳር ተነሥቶ ወደዚህ መሣሪያ በገባ ጊዜ፥ የመጀመሪያው አደጋ ተረቱ ይጠፋል የሚል አልነበረም፤ «የላም በረት» የሚለው መልስ ይጠፋል የሚል ነበር እንጂ። አባባ ተስፋዬ ይህን አደጋ በጽሑፍ ተንትነው አላስቀመጡም። በሥራቸው ግን መልስ ሰጡበት።

እንደሚታወሰው ዝግጅቱ የሚጀመረው በሰላምታ ነው፤ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፥ የዛሬ አበባዎች፥ የነገ ፍሬዎች» ይላሉ። ይህ ሰላምታ ለማንም እንዲያው በአየር ላይ የሚበተን አልነበረም። እንደ ልጆቹ ፊት ለፊት ቆመው ሰላም ይሉና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ያያሉ። በየቤቱም ያለው ልጅ ይመልስ ነበር። መሣሪያው እንደማይሰማ ታላቅ ወንድም ቢነግረውም ይመልስ ነበር። በዚያ ዘመን መሣሪያው ያለው ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፥ የሰፈር ልጅ ወደ ጎረቤት እየሄደ፥ በኋላም በቀበሌ አዳራሽ እየተሰበሰበ ያይ ስለ ነበር፥ መልሱ የአንድ ልጅ ሳይሆን የብዙ ልጆች ጩኸት ነው። የእሳት ዳሩ ማኅበር በአዲስ እሳት ዙሪያ ተሰበሰበ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ዘዴያቸው ከዚህ ይልቃል። ልጆችን ወደ ስቱዲዮ አምጥተው በአጠገባቸው አስቀመጡ፤ ተረቱን ራሳቸው ብቻ መናገርን ትተው ለልጆቹ ተራ ሰጡ። አንዱ ተረት ይናገራል፤ አንዲቱ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፤ ሌላው ይዘምራል። የሚንተባተብ ይኖራል፤ መሐል ላይ የሚረሳ ይኖራል፤ ፍጻሜውን መጀመሪያ ተናግሮ የሚያፍርም አይጠፋም። እርሳቸው ዝቅ ብለው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። በቤት የተቀመጠው ተመልካች ልጅ በዚያች ሰዓት የሚያየው አንድ ትልቅ ሰው ሲናገር ብቻ ሳይሆን፥ አንድ ትልቅ ሰው የልጅን ነገር ዝም ብሎ ሲያዳምጥም ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ባይናገር የጨዋ ልጅ በሚባልበት አገር፥ ይህ በየሳምንቱ በአደባባይ መታየቱ ታላቅ ለውጥ ነው። ለውጥ ነው ተብሎ አልተነገረም፤ ስለዚህም ማንም ሳይቃወመው ገባ።

ስማቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቴሌቪዥን ሲከፈት የ41 ዓመት ጐልማሳ ነበሩ፤ ለአያትነት ገና ነበሩ። ነገር ግን በሕፃናት ዘንድ ተረት የሚናገር ሰው ስሙ በባዶው አይጠራም፤ አባባ፥ እማማ፥ አያያ መባል አለበት። «አቶ ተስፋዬ» ቢባሉ ኖሮ ከቢሮ የመጣ እንግዳ ይሆኑ ነበር። «አባባ» በመባላቸው ግን ቤተ ሰብ ሆኑ፤ ከዘመን በኋላ ዕድሜያቸው ራሱ መጥቶ ከስማቸው ጋር ተገናኘ። በዚያ መካከል ዘውዱ ወረደ፤ ደርግ መጣ፤ በ1977 ዓ. ም. ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ፤ ደርግም ሄደ። የሦስት መንግሥታት ዜና በዚያው መስታወት ተነበበ። ከዜናው ውስጥ ቃል በቃል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ የአባባ ተስፋዬን ሰላምታ ግን የማያስታውስ የከተማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ እኚህ ሰው ሲጻፍ ማመስገን ብቻውን አይበቃም። ከተረቱ በኋላ «ከዚህ ምን ተማራችሁ» ብሎ መጠየቅ በዝግጅቱ የተለመደ ነበር። ጥያቄው ልጅን ያሳስባል፤ ያለማምዳልም። ይሁን እንጂ ሲደጋገም ልጁ ተረቱን ትቶ የሚጠበቅበትን መልስ እንዲያሳድድ ሊያደርገው ይችላል። ጦጣ ጅብን ስታታልለው የሣቀ ሕፃን ብዙ ነገር ገብቶታል፤ ሣቁን ወደ ምክር እንዲለውጥ ሲገደድ ግን የሚናገረው ለመምህሩ ደስ የሚያሰኘውን ነው። ይህ ጉድለት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ወዲህ ተረትን በትምህርት ቤት የሚያስተምር ሁሉ የተካፈለው ልማድ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ በእርሳቸው እጅ ያልነበረ ነው። ዝግጅቱ በአማርኛ ብቻ ነበር፤ መብራትና መሣሪያ ካለበት ከተማም ብዙ አያልፍም። የአገሪቱ ሕፃናት አብዛኞቹ በገጠር ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱበትም ቋንቋ ብዙ ዓይነት ነው። እርሳቸው ራሳቸው በተወለዱበት በባሌ፥ ብዙው ልጅ ተረት የሚሰማው በኦሮምኛ ነው። «የነገ ፍሬዎች» የሚለው ቃል ለሁሉ የተነገረ ሲሆን፥ የደረሰው ለጥቂቶች ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር የሌላ አገር ሰው አለ። እ. ኤ. አ. በ1940 በካሊፎርኒያ፥ ካሌክሲኮ በምትባል የጠረፍ ከተማ የተወለደው ኤሚልዮ ዴልጋዶ፥ ያደገው ከድንበሩ ማዶ በሜክሲካሊ፥ በአያቶቹ ቤት ነው፤ ለትምህርትም ድንበሩን ይሻገር ነበር። እ. ኤ. አ. በ1969 የተጀመረው ሰሰሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ዝግጅት በ1971 ሲቀጥረው፥ ሉዊስ የሚባል፥ የተበላሸ ዕቃ የሚጠግን የሰፈር ሰው ሆኖ ገባ፤ እስከ 2016 ድረስም በዚያው ቆየ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የሜክሲኮ ተወላጅ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታ ወይም አገልጋይ ሆኖ ነበር። ሉዊስ ግን ሱቅ ያለው፥ ጎረቤቶቹ የሚያከብሩት፥ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚናገር፥ በኋላም በተመልካቹ ፊት አግብቶ ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። በቤቷ ስፓኒሽ የምትናገር ሕፃን የአባቷን ዓይነት ሰው፥ በአባቷ ቋንቋ ሲናገር በመስታወቱ ውስጥ አየች። ዴልጋዶ እ. ኤ. አ. መጋቢት 10 ቀን 2022 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸው በዘመን ብዛት ተቀራራቢ ነው። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ፤ ተስፋዬ ሣህሉ የጥንቱን የተረት ወግ ወደ መሣሪያው አስገቡ፤ ዴልጋዶ ደግሞ በመሣሪያው ያልታዩትን ሰዎች አስገባ። የኢትዮጵያ የሕፃናት ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን ቀድሞ ሲያገኝ፥ ሁለተኛውን እጅግ ዘግይቶ ጀመረ።

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር ለሚያድጉት ልጆች ሲሆን ይልቁን ይጠነክራል። ናይሮቢ ከተማ፥ ሩንዳ በሚባለው ሰፈር፥ ከተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት አቅራቢያ፥ ከየአገሩ የመጡ የሥራ ሰዎች በዛፍ በተከበቡ ቤቶች ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ፥ በመንገዱ ስዋሂሊ፥ በቤቱ የእናቱን ቋንቋ ይሰማል። የሚያየው ተረት አይቸግረውም፤ በየሰዓቱ ከየአገሩ ይመጣለታል። የሚቸግረው «ተረት ተረት» ብሎ መልስ የሚጠብቀው ሰው ነው። አባትና እናት ከሥራ ደክመው ሲገቡ መሣሪያውን ከፍተው ይሰጡታል፤ ልጁም አዳማጭ ሆኖ ይቀራል። ካሌክሲኮና ሜክሲካሊ በአንድ አጥር ተለይተው ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው፤ ለዚህ ልጅ ግን የአያቱ ቤት በአውሮፕላን የሚደረስ ነው።

በአገር ቤትም የመሣሪያው ደንቆሮነት በትልቁ የታየበት ጊዜ አለ። በ1997 ዓ. ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ተላልፎ «ፕላዝማ» በተባለው መስኮት መሰጠት ሲጀምር፥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፥ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር። ለመምህሩ የቀሩለት በመግቢያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ሲያነሣ፥ መስኮቱ ሳያየው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል፤ ጥያቄ ጠይቆ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜም እስክሪብቶ ለማንሣት አይበቃም ነበር። በዚያ ዘመን ያስተማሩ መምህራን ይህን አይረሱትም። መሣሪያው ከማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ ይልቅ እጅግ የረቀቀ ነበር። መልስ ለመጠበቅ ዝም ማለትን ግን አያውቅም፤ አንድ የቴአትር ሰው ከ40 ዓመት በፊት በጥቁርና ነጭ ሥዕል ያውቁበት የነበረውን ማለት ነው።

አባባ ተስፋዬ እ. ኤ. አ. በ2006 ከዝግጅቱ ተለዩ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ መምህርት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት አቀረቡ። ፀሐይ የቀጭኔ ልጅ የሆነች አሻንጉሊት ናት፤ ትጠይቃለች፤ ትሳሳታለች፤ ተመልካቹንም እየጠበቀች ትናገራለች። ዝግጅቱ ቆይቶ ከአማርኛ ውጭ በሆኑ የአገሪቱ ቋንቋዎችም ተዘጋጅቷል። የተረቱን ዱላ ከተዋናይ እጅ መምህርት ተቀበለችው ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ርክክቡ በሥነ ሥርዓት የተፈጸመ ባይሆን።

የተረት መጻሕፍት ለልጆች አሳትመዋል፤ ተረቶቹ በዚያ ይገኛሉ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግጅቱ በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበር፥ በዚያን ጊዜ የተነገረው ከተነገረበት ሰዓት አላለፈም፤ የጦጣዋ አነጋገርና የሚንተባተበው ልጅ፥ ልጁንም ሲጠብቁ የነበረው ዝምታ ያለው በአድማጮቹ ዘንድ ብቻ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ. ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1957 ዓ. ም. ለሰላምታቸው መልስ የሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።